ኤመራልድና ጻቮራይት፦ ሁለት አረንጓዴ ድንጋዮች በምን ይለያያሉ?

የሳይንስ ትምህርት፤ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ላሉ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው



በዚህ እትም የምናጠናው ስለ ሁለት የከበሩ ድንጋዮች ነው። አንደኛው በአማርኛ መጻሕፍት መረግድ፣ በገበያ ደግሞ ኤመራልድ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ጻቮራይት ይባላል፤ ጋርኔት ከሚባለው የማዕድን ቤተሰብ የሚመደብ ነው። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፤ ሁለቱም ተቆርጠው ሲወለወሉ ያበራሉ። ጎን ለጎን ቢቀመጡ ልምድ የሌለው ሰው አንዱን ከሌላው መለየት አይችልም። ከአጠገባቸው በደንብ የተወለወለ የአረንጓዴ ጠርሙስ ስባሪ ቢጨመር ደግሞ ግራ መጋባቱ ይብሳል።

ይህን ርዕስ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በክፍል ውስጥ ስለ ማዕድናት አካላዊ ባሕርያት የምትማሩትን በተጨባጭ ምሳሌ ለማየት ይረዳችኋል። ሁለተኛው ምክንያት ወላጆችንም ይመለከታል። ብዙ ቤተሰብ ከአገሩ ሲወጣ ይዞት የመጣው ውድ ዕቃ ቢኖር የእናት የአንገት ሐብል ወይም የጋብቻ ቀለበት ነው። አንድ ሰው መጥቶ «ይህን ወርቅ ስጡኝና ይህን ኤመራልድ ውሰዱ፤ ናይሮቢ ብትሸጡት አሥር እጥፍ ያወጣል» ቢል ቤተሰቡ ምን ማድረግ አለበት? ትክክለኛው መልስ የሚገኘው የድንጋዩን ቀለም በማየት አይደለም። ቀለም ያሳስታል፤ ልክ ግን አያሳስትም። እንዴት እንደሆነ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

1. ድንጋዮቹ የተገኙባቸው ስፍራዎች

ኤመራልድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ድንጋይ ነው። በቀይ ባሕር አቅራቢያ ባለው የግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ በጥንት ዘመን ይወጣ ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱምን መንግሥት የጎበኘው ኮስማስ የተባለ ነጋዴ፣ የኢትዮጵያ ሰዎች ይህን ድንጋይ በናይልና በቀይ ባሕር መካከል ይኖሩ ከነበሩት ብሌምዬስ ከተባሉ ሕዝቦች እያገኙ ወደ ሕንድ ይወስዱ እንደነበር ጽፎልናል። ስለዚህ አባቶቻችን በኤመራልድ ሲነግዱ ከ1400 ዓመታት በላይ አልፏል ማለት ነው። በራሷ በኢትዮጵያ ምድርም እ.ኤ.አ. በ2016 በጉጂ ዞን፣ በወርቅ በሚታወቀው በሻኪሶ አካባቢ፣ ጥሩ ጥራት ያለው ኤመራልድ ተገኝቶ ወደ ዓለም ገበያ ወጥቷል።

ጻቮራይት ግን በዓለም ገበያ አዲስ ድንጋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ካምቤል ብሪጅስ የተባለ ብሪታንያዊ የሥነ ምድር ባለሙያ በሰሜን ምሥራቅ ታንዛንያ አገኘው። ድንጋዩን የያዘው የአለት ድርድር ወደ ኬንያ እንደሚቀጥል ስላመነም ድንበሩን ተሻግሮ ፍለጋውን ቀጠለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በታይታ ታቬታ አካባቢ እንደገና አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1974 ቲፋኒ የተባለው የአሜሪካ ጌጣጌጥ ድርጅት ድንጋዩን ለገበያ ሲያቀርብ በአቅራቢያው ባለው በጻቮ ብሔራዊ ፓርክ ስም ጻቮራይት ተባለ። ጻቮ ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1898 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን በበሉት አንበሶች ስሙ የታወቀ ነው። ብሪጅስ እ.ኤ.አ. በ2009 በዚያው በማዕድኑ ስፍራ አቅራቢያ በደረሰበት ጥቃት ተገደለ።

2. ከምን ተሠሩ?

ኤመራልድ ቤሪል የሚባለው ማዕድን አረንጓዴ ዓይነት ነው። ቤሪል ከቤሪሊየም፣ ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተዋሐደ ነው። ንጹሕ ቤሪል ቀለም የለውም፤ እንደ ውኃ የጠራ ነው። አረንጓዴ የሚሆነው ሲፈጠር ጥቂት ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም ሲገባበት ነው።

ጻቮራይት ደግሞ ከካልሲየም፣ ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተዋሐደ ነው። ይህም ማዕድን ንጹሕ ሲሆን ቀለም የለውም፤ አረንጓዴ የሚያደርጉት እነዚያው ቫናዲየምና ክሮሚየም ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሁለቱን ድንጋዮች አረንጓዴ ያደረጋቸው በጣም ጥቂት የሆነ ተመሳሳይ ነገር ነው፤ የቀረው አካላቸው ግን የተለያየ ነው። አንድ ዓይነት ቀለም እንደተነከሩ የጥጥና የሱፍ ልብሶች አስቧቸው። በቀለም ብቻ መለየት የማይቻለው ለዚህ ነው።

የቅንጣቶቻቸው አደራደርም ይለያያል። የኤመራልድ ክሪስታል ስድስት ጎን ያለው፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ያልተቀረጸ እርሳስ የሚመስል ነው። የጋርኔት ክሪስታል ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚያድግ ወደ ክብነት ያደላል፤ ጻቮራይትም ብዙውን ጊዜ በአለት ውስጥ እንደ ድንች በተድቦለቦለ እብጠት ውስጥ ተሰባብሮ ይገኛል። ስለዚህ ያልተቆረጠ ድንጋይ ስድስት ጎን ያለው ዘንግ ሆኖ ከታየ ጻቮራይት አይደለም።

3. ጥንካሬ

በማዕድን ትምህርት ጥንካሬ ማለት መጫርን የመቋቋም ችሎታ ነው። ፍሪድሪክ ሞስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ማዕድናትን ከ1 እስከ 10 ደረጃ አወጣላቸው። ደረጃዎቹም ታልክ 1፣ ጂፕሰም 2፣ ካልሳይት 3፣ ፍሎራይት 4፣ አፓታይት 5፣ ኦርቶክሌዝ 6፣ ኳርትዝ 7፣ ቶፓዝ 8፣ ኮረንደም 9፣ አልማዝ 10 ናቸው። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ይጭራል፤ ዝቅ ያለው ከፍ ያለውን አይጭርም። የእጃችን ጥፍር 2.5 ያህል፣ የመስኮት መስተዋት 5.5 ያህል ነው።

የኤመራልድ ጥንካሬ ከ7.5 እስከ 8 ነው። የጻቮራይት ከ7 እስከ 7.5 ነው። እንግዲህ ኤመራልድ ትንሽ ይበልጣል፤ ነገር ግን 7.5 ላይ ስለሚገናኙ በጥንካሬ ብቻ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ሁለቱን ከጠርሙስ ለመለየት ግን ጥንካሬ ይረዳል። በየቀኑ በልብሳችንና በዕቃችን ላይ የሚያርፈው አቧራ ጥቃቅን የኳርትዝ አሸዋ አለበት። የኳርትዝ ጥንካሬ 7 ስለሆነ ጠርሙስን ይጭራል። ለጥቂት ዓመታት የተደረገ የጠርሙስ ቀለበት ጠርዙ የሚደበዝዘውና የሚሸራረፈው ለዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የተወለወለ ድንጋይ ለፈተና ብላችሁ አትጫሩ። እውነተኛ ቢሆን እንኳ ዋጋውን ታጠፋላችሁ።

ደግሞም ጥንካሬና አለመሰበር አንድ አይደሉም። አልማዝ የሚጭረው ሌላ ማዕድን የለም፤ በመዶሻ ቢመታ ግን ይሰበራል። ኤመራልድ በጥንካሬ ከጻቮራይት ቢበልጥም በውስጡ ብዙ ስንጥቆች ስለሚገኙበት መሬት ላይ ሲወድቅ የመሰበር አደጋው ከፍ ያለ ነው።

4. እፍግታ

እፍግታ በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ይዘት ውስጥ ስንት ግራም እንዳለ የሚነግረን ልክ ነው። የውኃ እፍግታ 1 ነው። የኤመራልድ ከ2.67 እስከ 2.78 ሲሆን የጻቮራይት ከ3.57 እስከ 3.73 ነው። በጥንካሬ እንዳየነው እዚህ የሚገናኙበት ቦታ የለም፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለመለየት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ይህ ነው።

እፍግታን ለማወቅ የድንጋዩን ይዘት በማስመሪያ መለካት አያስፈልግም። አርኪሜድስ ያስተማረውን ሕግ አስታውሱ፦ በውኃ ውስጥ የገባ ነገር ከቦታው የገፋውን ውኃ ክብደት ያህል ይቀልለዋል። ስለዚህ ድንጋዩን አንድ ጊዜ በአየር ላይ፣ ሁለተኛ ጊዜ በውኃ ውስጥ እንዳለ እንመዝነዋለን።

እፍግታ = በአየር ላይ ያለው ክብደት ÷ (በአየር ላይ ያለው ክብደት − በውኃ ውስጥ ያለው ክብደት)

ምሳሌ፦ መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት አረንጓዴ ድንጋዮች አሉን እንበል።

ድንጋይ ሀ፦ በአየር ላይ 5.44 ግራም፣ በውኃ ውስጥ 3.44 ግራም። የቀለለው 2.00 ግራም። 5.44 ÷ 2.00 = 2.72። ይህ የኤመራልድ ልክ ነው።

ድንጋይ ለ፦ በአየር ላይ 7.22 ግራም፣ በውኃ ውስጥ 5.22 ግራም። የቀለለው 2.00 ግራም። 7.22 ÷ 2.00 = 3.61። ይህ የጻቮራይት ልክ ነው።

ሁለቱም የገፉት ውኃ እኩል ነው፤ መጠናቸው እኩል ነውና። ክብደታቸው ግን የተለያየ ነው።

የክፍል ሙከራ። የከበረ ድንጋይ ባይኖረንም ይህን በተራ ድንጋይ መሥራት እንችላለን። ቀጥ ያለ እንጨት መሐሉን በገመድ አስራችሁ አንጠልጥሉ። በአንደኛው ጫፍ ትንሽ ጣሳ እሰሩ። በሌላው ጫፍ ቀጭን ክር አንጠልጥሉና ሁለቱ ጫፎች እስኪስተካከሉ ድረስ በቀለለው በኩል ጭቃ ለጥፉበት። ከዚያ እንደ ዶሮ እንቁላል ግማሽ የሚያህል ጠጣር ድንጋይ በክሩ እሰሩ። ጣሳው ውስጥ የበቆሎ ፍሬ እየቆጠራችሁ ጨምሩ፤ ሚዛኑ ሲስተካከል የፍሬውን ቁጥር ጻፉ። ቀጥሎ ድንጋዩ እንደተንጠለጠለ ውኃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ይግባ። የዕቃውን ግርጌም ሆነ ጎን አይንካ፤ በላዩ የተጣበቀ የአየር አረፋ ካለም በመነቅነቅ አስለቅቁት። እንደገና እስኪስተካከል ፍሬ ቀንሱና የቀረውን ቁጥሩ። በአየር ላይ 80፣ በውኃ ውስጥ 50 ፍሬ ቢሆን 80 ÷ 30 = 2.67 ይሆናል፤ ይህም ለኳርትዝ ልክ (2.65) የቀረበ ነው። በቆሎው በግራም ባይታወቅም ችግር የለም፤ የምንፈልገው የሁለቱን ክብደቶች ንጽጽር ነውና። እህሉም ሳይባክን ወደ ቤት ይመለሳል።

ይህ የእንጨት ሚዛን ለትልቅ ድንጋይ እንጂ ለቀለበት ፈርጥ አይሆንም። የከበረ ድንጋይ የሚመዘነው በካራት ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው። ለዚህ ያህል ትንሽ ነገር የወርቅ ሠሪ ወይም የቤተ ሙከራ ሚዛን ያስፈልጋል። ደግሞ ይህን ካራት ከወርቅ ካራት ጋር አታምታቱ። «21 ካራት ወርቅ» ሲባል ከ24 እጅ 21 እጁ ንጹሕ ወርቅ ነው ማለት እንጂ ክብደቱን አይገልጽም።

5. ብርሃን በድንጋዩ ውስጥ ሲያልፍ

በውኃ ብርጭቆ ውስጥ የገባ እርሳስ የተሰበረ እንደሚመስል አይታችኋል። ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ይህም የብርሃን ስብረት ይባላል። በድንጋይ ውስጥም እንዲሁ ነው። የኤመራልድ የስብረት ቁጥር 1.58 ያህል፣ የጻቮራይት 1.74 ያህል ነው። በአየር ላይ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው ብርሃን በኤመራልድ ውስጥ ወደ 190,000፣ በጻቮራይት ውስጥ ደግሞ ወደ 172,000 ኪሎ ሜትር ይቀንሳል ማለት ነው። የስብረት ቁጥሩ ከፍ ያለ ድንጋይ በሚገባ ከተቆረጠ ብርሃኑን በብዛት ወደ ዓይናችን ይመልሳል። በተጨማሪም ጻቮራይት ነጩን ብርሃን ወደ ኅብረ ቀለማት የመበተን ኃይሉ ከኤመራልድ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ጻቮራይት ይበልጥ የሚያብለጨልጨው ስለዚህ ነው። የድንጋይ ባለሙያዎች የስብረት ቁጥርን የሚለኩበት በኪስ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ አላቸው።

ሌላም ልዩነት አለ። በኤመራልድ ውስጥ ብርሃን ለሁለት ይከፈላል፤ በጻቮራይት ውስጥ ግን አይከፈልም። ይህን ለማየት ነጸብራቅን ከሚቀንስ የፀሐይ መነጽር የተወሰዱ ሁለት መስተዋቶች ይበቃሉ። አንዱን በሌላው ላይ አድርጋችሁ ብታዞሩ በአንድ አቀማመጥ ላይ ብርሃን አያሳልፉም፤ ይጨልማሉ። በዚህ ጨለማ መካከል ኤመራልድ ገብቶ አንድ ሙሉ ዙር ቢዞር አራት ጊዜ ይበራል፣ አራት ጊዜ ይጨልማል። ጻቮራይት ግን በአብዛኛው ጨለማ እንደሆነ ይቆያል። ጠርሙስም እንደዚሁ ነው። እንግዲህ ይህ ፈተና ኤመራልድን ከጠርሙስ ይለያል፤ ጻቮራይትን ከጠርሙስ ግን አይለይም።

6. በድንጋዩ ውስጥ የሚታዩ ምልክቶች

ባለሙያዎች አሥር ጊዜ በሚያጎላ መነጽር የድንጋዩን ውስጥ ይመረምራሉ። በኤመራልድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስንጥቆች፣ የፈሳሽ ጠብታዎችና የሌሎች ማዕድናት ቅንጣቶች ይታያሉ። ፈረንሳዮች ይህን «የአትክልት ቦታ» እያሉ ይጠሩታል፤ ቅጠልና ሐረግ ይመስላልና። እንከን የሌለበት ትልቅ ኤመራልድ እጅግ ብርቅ ስለሆነ፣ ፍጹም የጠራ ትልቅ «ኤመራልድ» በርካሽ ሲቀርብላችሁ ልትጠራጠሩ ይገባል። ጻቮራይት በአንጻሩ ብዙ ጊዜ የጠራ ነው፤ ነገር ግን በትልቅ መጠን አይገኝም፤ ከ5 ካራት በላይ የሆነ ጥሩ ጻቮራይት ብርቅ ነው። በጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ክብ የአየር አረፋና እንደ ተነካካ ሽሮፕ የተጠማዘዘ መስመር ይታያል።

የኤመራልድ ስንጥቅ እንዳይታይ ነጋዴዎች ዘይት ያስገቡበታል። ይህ በዓለም የታወቀ አሠራር ነው፤ ሻጩ ግን ለገዢው መናገር አለበት። ዘይት የገባበትን ድንጋይ በፈላ ውኃ ማጠብ አይገባም፤ ዘይቱ ሲወጣ ስንጥቁ ይገለጣል። ጻቮራይት በተለምዶ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግበትም።

7. ማጠቃለያ

ባሕርይ፦ ኤመራልድ / ጻቮራይት
የማዕድን ቤተሰብ፦ ቤሪል / ጋርኔት
ጥንካሬ፦ 7.5–8 / 7–7.5
እፍግታ፦ 2.67–2.78 / 3.57–3.73
የስብረት ቁጥር፦ 1.58 ያህል / 1.74 ያህል
ብርሃንን ለሁለት መክፈል፦ ይከፍላል / አይከፍልም
ውስጡ፦ ብዙ ጊዜ ስንጥቅ ያለበት / ብዙ ጊዜ የጠራ

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ልክ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ቀለም የገባበት ኳርትዝ እፍግታው 2.65 ስለሆነ በሸካራ ሚዛን ኤመራልድ ሊመስል ይችላል። እርሳስ የሚባለው ብረት የተጨመረበት ጠርሙስ ደግሞ እንደ ጻቮራይት ይከብዳል። ነገር ግን እፍግታውን፣ ስብረቱንና የውስጡን ምልክት በአንድነት ይዞ ሊያታልል የሚችል ተራ ጠርሙስ የለም። ምስክር ሲበዛ እውነት ይጠራል።

8. ለወላጆች

እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁ ይህን ትምህርት ሲያጠኑ ሦስት ነገሮችን እንድታስታውሱ እንለምናለን።

አንደኛ፣ እፍግታን መለካት ጠርሙስን ከኤመራልድ ሊለይ ይችላል፤ በፋብሪካ የተሠራን ኤመራልድ ግን አይለይም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በቤተ ሙከራ የሚሠራ ኤመራልድ አለ። ባሕርያቱ ከተፈጥሮው ጋር እጅግ ይቀራረባሉ፤ ዋጋው ግን በብዙ ያንሳል። ይህን የሚለየው የተሟላ መሣሪያ ያለው ቤተ ሙከራ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ እውነተኛ የሆነም ድንጋይ ሁሉ ውድ አይደለም። ቀለሙ የገረጣና የተሰነጣጠቀ ኤመራልድ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ወርቅ በየትም ከተማ በሚዛን ይሸጣል፤ ድንጋይ ግን ገዢ ካላገኘ በሣጥን ውስጥ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ በኬንያ በማዕድን ለመነገድ ከመንግሥት የንግድ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ያልተቆረጠ ድንጋይ ይዞ መገበያየት ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ሰውንም አደጋ ላይ ይጥላል።

«ዛሬውኑ ወስን፤ ነገ ሌላ ገዢ ይወስደዋል» የሚል ሻጭ ድንጋዩ እንዲመዘን አይፈልግም ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው በችኮላ የሰጡትን ሐብል መልሶ ማግኘት አይቻልም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ አረንጓዴ ድንጋይ በአየር ላይ 9.10 ግራም፣ በውኃ ውስጥ 5.60 ግራም ይመዝናል። እፍግታው ስንት ነው? ኤመራልድ ወይም ጻቮራይት ሊሆን ይችላል?

2. ሌላ ድንጋይ በአየር ላይ 10.95 ግራም፣ በውኃ ውስጥ 7.95 ግራም ይመዝናል። ምን ሊሆን ይችላል? ጠርሙስ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ከተማርናቸው ፈተናዎች የትኛው አይጠቅምም? ለምን?

3. ክብደታቸው 1 ካራት የሆነ ኤመራልድና 1 ካራት የሆነ ጻቮራይት አሉ። በመጠን የሚያንሰው የትኛው ነው?

4. ድንጋዩ በቀለበት ላይ እንደተሰካ በውኃ ብንመዝነው ትክክለኛ ውጤት የማናገኘው ለምንድን ነው?

መልሶች

1. 9.10 ÷ 3.50 = 2.60። ከሁለቱም ልክ በታች ስለሆነ ኤመራልድም ጻቮራይትም አይደለም።

2. 10.95 ÷ 3.00 = 3.65። ጻቮራይት ሊሆን ይችላል። የማይጠቅመው በሁለት የመነጽር መስተዋት መካከል የሚደረገው ፈተና ነው፤ ጻቮራይትም ጠርሙስም ጨለማ ሆነው ይቆያሉና።

3. ጻቮራይት ያንሳል፤ እፍግታው ስለሚበልጥ ያንኑ ክብደት በትንሽ ይዘት ይይዛል።

4. ወርቁም አብሮ ስለሚመዘን ነው።